በኢንሻአላህ የተነቀሉ ጥርሶች

የአባቴ ጆሮ መድከም ከጀመረ ሰባት ስምንት ዓመት ይሆነዋል። ሰው ግን በቀላሉ አያውቅባቸውም። የሚያናግራቸውን ሰው ከንፈር እያዩ ነገሩን ይከታተላሉ። ሲጠፋባቸው ፈገግ ብለው «አልሀምዱሊላህ» ወይም «ኢንሻአላህ» ይላሉ። ከሁለቱ አንዱ ለአብዛኛው ጥያቄ መልስ ይሆናል። እኛ ልጆቻቸው ይህን እናውቃለን። መርሳ ላይ አስተማሪ ስለሆንኩና መንደራችንም ከዚያ ሩቅ ስላልሆነ፣ በየሳምንቱ የማያቸው እኔ ከሁሉም ይበልጥ አውቃለሁ። ያ ቀን ከልቤ አልወጣ ያለኝም ለዚሁ ነው።

የቀኝ መንጋጋ ጥርሳቸው አሟቸው ነበር። ሳምንት ሙሉ ቅርንፉድ እየነከሱ ቻሉት። ጉንጫቸው አብጦ እህል መዋጥ ሲያቅታቸው ወልድያ እንሂድ ብዬ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ። ሚኒባሱ ውስጥ የጋቢያቸውን ጫፍ ጉንጫቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ። ሲሪንቃ ላይ ሰው ሲወርድና ሲወጣ ወደ እኔ ዘንበል አሉና፣ «ይቺን የኋለኛዋን ነቅለው ያሳርፉኝ። ሌላውን እንዳይነኩብኝ» አሉኝ። ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኳቸው።

ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነበር፤ ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ተራችን ሲደርስ አብሬያቸው ልገባ ስል ነርሷ ክፍሉ ጠባብ ነው ብላ ደጅ አስቀረችኝና አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ለሕክምናው ፈቃደኛ መሆናችንን የሚገልጽ ነው አለችኝ። ሳላነበው፣ ቤተሰብ በሚለው መስመር ላይ ፈረምኩ። በሩ ሲዘጋ ሐኪሙን ለአፍታ አየሁት። ወጣት ነው፤ ማስክ አድርጓል።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አባቴ አይሰሙም፤ ማስክህን አውርድና ንገራቸው ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው ባለበት ደንቆሮ ናቸው ያልኩ መሰለኝ። አባቴ እንዲህ መባልን ከጥርስ ሕመሙ ይልቅ ይጠሉታል። አንድ ጥርስ መንቀል ምን ንግግር ይፈልጋል ብዬ ራሴን አታለልኩና ቁጭ አልኩ።

ከበሩ ጀርባ የሐኪሙ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ረዘም አድርጎ ተናገረና በጥያቄ ጨረሰ። ከዚያ አባቴ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ኢንሻአላህ» አሉ።

ተነሥቼ በሩ ድረስ ሄድኩ፤ እጄን ላንኳኳ አነሣሁና መልሼ አወረድኩት። ሥራቸውን ባበላሽስ ብዬ ፈራሁ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር የብረት ሳህን ላይ ቀጭ ሲል ሰማሁ። እፎይ ልል ስል ደገመ። ከዚያም ሠለሰ። የምናስነቅለው አንድ ነው፤ ለምን ሦስት ጊዜ? አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ፊቴን አይተው አይዞሽ አሉኝ።

አባቴ በጥጥ የታጨቀ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ወጡ። ነርሷ ለአንድ ሰዓት ያህል ጥጡን ነክሰው እንዲቆዩ ነገረችኝና ሌላ ታካሚ ጠራች። የሰማሁትን ድምፅ አልጠየቅኋትም። በባጃጅ መናኸሪያ ሄድንና የመርሳ መኪና ያዝን። መኪናው ሊነሣ ሲል አባቴ ጥጡን ሊያስተካክሉ አፋቸውን ከፈት አደረጉ፤ አየሁት። ሁለቱ የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶቻቸው የሉም።

እሳቸው አላወቁም ነበር። ማደንዘዣው ከንፈራቸውንም ምላሳቸውንም ይዞታል። ነገሩ ስላለፈ በደስታ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ። አሁን ልንገራቸው፣ ቤት ስንደርስ ልንገራቸው እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ሲሪንቃን አለፍን። ቆየት ብለው ጣታቸውን ወደ አፋቸው ሰደዱ። ዳሰሱ፤ ደግመው ዳሰሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ማን ፈቀደ?» አሉኝ። ቃሉ በባዶው በኩል ሾልኮ ወጣ።

«እኔ ፈርሜያለሁ፣ አባ» አልኩ። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩና መርሳ እስክንገባ አላናገሩኝም።

የፊት ጥርስ ለሌላ ሽማግሌ ምንም ላይሆን ይችላል። አባቴ ግን በአካባቢያችን መንዙማ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ጆሯቸው ደክሞም ድምፃቸው አልደከመም ነበር። እሳቸው ሲያወጡ ሰው ይቀበላቸዋል፤ የተቀባዩን ድምፅ ባይሰሙም የጭብጨባውን ምት በዓይናቸው ይከተላሉ። አሁን ግን «ሰ» ባሉ ቁጥር ፉጨት ይወጣል። በዚያ ሳምንት ሰዎች ለመንዙማ ሊጠሯቸው ሲመጡ ቁስሉ አልዳነም ብለው ቀሩ። ቁስሉ ግን ከእሳቸው ጋር የሚኖረው ወንድሜ እንደነገረኝ ጠግጓል። እኔ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ የምጽፈው ይጠፋኝ ጀመር። ስልክ በጠራ ቁጥር ከቤት ክፉ ነገር ሊነገረኝ ይመስለኝ ነበር።

በሳምንቱ ብቻዬን ወልድያ ሄድኩ። ልጮህ ነበር የሄድኩት። ሐኪሙ ግን ሰላምታዬን ተቀብሎ ወንበር ሳበልኝና ካርዱን አወጣ። የፊቶቹ ጥርሶች ይወዛወዙ እንደነበር፣ ድዱም መግል እንደቋጠረ፣ ብዙ እንደማይቆዩ አስረዳኝ። አንድ ጊዜ ተደንዝዘው ሦስቱም ቢወጡ ይሻላል ብሎ ለአባቴ እንደነገራቸውና ፈቃዳቸውን እንደጠየቃቸው ተናገረ። «ኢንሻአላህ አሉኝ። እርስዎም ፈርመዋል» አለኝ።

«ኢንሻአላህ ያሉት ስላልሰሙህ ነው» አልኩት። «አባቴ የሚሰሙት በዓይናቸው ነው። አንተ አፍህን ሸፍነህ ነበር።»

እጁ ሳያስበው አገጩ ሥር ወደወረደው ማስክ ሄደ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እርስዎስ ለምን አልነገሩኝም?» አለ። ሊወቅሰኝ ፈልጎ አይመስለኝም፤ በእውነት ማወቅ ፈልጎ ነው። ሁለታችንም ካርዱን ስናይ ቆየን። በመጨረሻ ያምጧቸው፣ ቁስሉን ልየው፤ ከፈለጉም በራሴ ወጪ ጥርስ አስተክላለሁ አለኝ።

አባቴን ለማሳመን አሥራ አምስት ቀን ፈጀብኝ። በዚህኛው ጊዜ አብሬ ገባሁ። ሐኪሙ ማስኩን አውልቆ፣ ወንበሩን ስቦ፣ ጉልበታቸው ከጉልበቱ ሊነካካ እስኪደርስ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ቀስ ብሎ፣ ሳይጮህ፣ ይቅርታ ጠየቃቸው።

«አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ» አሉት። «መወዛወዛቸውን እኔም አውቃለሁ። ብትጠይቀኝ ግን እስከ መውሊድ ይቆዩልኝ እልህ ነበር።»

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። ቀጥሎ መስታወት አስይዟቸው ስለ ሰው ሠራሹ ጥርስ አስረዳቸው። ለማስያዝ ግራና ቀኝ ያሉትን ጤነኞቹን ጥርሶች መሞረድ እንደሚያስፈልግ አልደበቃቸውም። ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቃቸው። ጥርሱ ቢገባላቸው የእኔም ጥፋት የሚደፈን መስሎኝ፣ እሺ ልልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። አባቴ አዩኝ። ዘጋሁት።

«አልፈልግም» አሉ።

«የነገርኩዎትን በደንብ ሰምተውኛል?»

«ሰምቼሃለሁ። አልፈልግም።»

ሐኪሙ አልተከራከራቸውም። መልሳቸውን ካርዱ ላይ ጻፈና ቁስሉን አይቶ አሰናበተን።

በመውሊድ አባቴ ከተቀባዮቹ መሃል ተቀመጡ፤ መንዙማውን ሌላ ሰው አወጣ። ከወራት በኋላ ጎረቤት ሰርግ ላይ ሽማግሌዎች ለምነዋቸው አወጡ። ፉጨቱ አለ። ሰዉ ምንም እንዳልተፈጠረ ተቀበላቸው። እኔ ግን «ሰ» ያለበት ቃል በቀረበ ቁጥር ጥፍሬን መዳፌ ላይ እተክል ነበር።

በቅርቡ ዓይናቸውን ለማሳየት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ገና ከበሩ፣ አባቴ ጆሯቸው አይሰማም፤ ፊት ለፊት ሆናችሁ አናግሯቸው አልኩ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አባቴ ከንፈሬን አንብበውታል። ፊታቸው ጠቆረ፤ ሲመረመሩም ሲወጡም ሊያናግሩኝ አልፈለጉም። መናኸሪያ ደርሰን መኪናው እስኪሞላ ስንጠብቅ ግን ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

«መናገርሽስ ደግ ነው» አሉ። «ከመናገርሽ በፊት ግን እኔን ጠይቂኝ።»

ፊቴን ወደ እሳቸው አዙሬ፣ ከንፈሬ በደንብ እንዲታያቸው አድርጌ፣ እሺ አልኳቸው።