ቤት የሚያስለቅቀው የበሬ ውል

ሶዶ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ በሁለት ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጬ ራፖር በምጽፍባቸው ዓመታት አንድ ገበሬና ሚስቱ ቤታቸውን ሊያጡ የደረሱት በእኔ ጥፋት ነው። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው፣ ዝም ብዬ ታሪኩን ብቀጥል ሰው ሁሉ በበሬው ስለሚፈርድ ነው። በሬው ምንም አላጠፋም።

ጊዜው ባጃጅ በከተማው መታየት የጀመረበት፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ከግምገማ ወደ ግምገማ የሚሮጥበት፣ ኮምፒውተር ደግሞ በጨርቅ ተሸፍኖ እንደ እንግዳ የሚከበርበት ነበር። እኔ ያለኝ አንድ የጽሕፈት መኪናና አንድ የቤት ኪራይ ውል ነው። ውሉን ይዤው የወጣሁት ሥራ ከተማርኩበት ቢሮ ነው። እንዴት ያለ ውል መሰላችሁ! «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጠቀሰው» ብሎ ሲጀምር ሰው ሳያስበው ቆቡን ያወልቃል። ስለዚህ ውል ሊያጽፍ የመጣ ሁሉ ከዚሁ ይጻፍለታል። «ቤት» ያለበትን አወጣና አህያ፣ ጋሪ፣ የመዘምራን ልብስ፣ የሠርግ ድንኳን አስገባበታለሁ። የመጨረሻዋን አንቀጽ ግን ነክቻት አላውቅም። «ውሉን ያፈረሰ ወገን ቤቱን በሠላሳ ቀን ውስጥ ለቅቆ ያስረክባል» ትላለች። ድምፅዋ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ላይ ስደርስ ተዋዋዮቹም ቀና ብለው ይቀመጣሉ። «አዎ፣ ውል ማለት እንዲህ ነው» ይላሉ። የትኛው ቤት ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም።

እንዲህ ስሠራ ኖሬ አንድ ቀን አንድ ባለ ልኳንዳ ከቦምቤ በኩል ከመጣ ገበሬ ጋር የበሬ ውል ሊያጽፍ መጣ። ለጊፋታ ነው። በእኛ አገር ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ጎረቤት ከጎረቤት ተሰባስቦ ሥጋ ሳይከፋፈል አይውልም፤ በዋዜማው የሰባ በሬ ያልያዘ ባለ ልኳንዳም ሱቁን ዘግቶ ዘመድ ጋ ቢደበቅ ይሻለዋል። የገበሬው ቤት በሬ በማድለብ የታወቀ ነው። ማድለብ የምትችለው ግን ሚስቱ ናት። በሬው ከቤት ሳይወጣ እዚያው ውስጥ ባለው ጋጣ እንደ ታሰረ ሣሩን፣ የስኳር ድንች ቅጠሉን፣ በቆሎውን በእጇ ታጎርሰዋለች። ውሉን አንብቤላቸው ሁለቱ ወንዶች ፈረሙ፤ እሷ ፊደል ስለማትለይ አሻራዋን አኖረች። ከአውራ ጣቷ ላይ ቀለሙን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አስታውሳለሁ።

ገበሬው ውል አክባሪ ሰው ነው። ጣጣውን ያመጣው ይኸው አክባሪነቱ ነው። በሬው እንዳይሰረቅ ብሎ የድሮውን ሰፊ የሸንበቆ በር አነሳና በሶዶ አናጺ የወፍራም ጣውላ በር ከነመቃኑ አሠርቶ አስገባ። ጠንካራ በር ነው፤ ጠባብ ነው። በሬው በዚያን ጊዜ ቤት ውስጥ ነበር። በቀን በቀን ይበላል፤ በሩ ግን ባለበት ነው።

በጊፋታ ዋዜማ ባለ ልኳንዳው አይሱዙ ይዞ ሄደ። በሬው ጭንቅላቱን አወጣ፣ አንገቱን አወጣ፣ ትከሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። ከፊት ስድስት ሰው ጎተተ፣ ከኋላ አራት ሰው ገፋ። አንዱ ሳሙና ቀቡት አለ፤ ቀቡት። አረፋ ለብሶ እዚያው ቆመ። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆነ ጎረቤት ደግሞ ሦስት ቀን ቢጾም ያልፋል የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ጊፋታ ግን ነገ ነው። ባለ ልኳንዳው ግድግዳው ይፍረስ ሲል ሴትየዋ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆመች። ጭቃውን ያቦካችው፣ ውሃውን ከወንዝ በጀርባዋ ያመላለሰችው እሷ ናት። «እኔን አፍርሱ» አለች። አይሱዙው ባዶውን ተመለሰ።

በበዓሉ ማግስት ባለ ልኳንዳው ውሉን እያውለበለበ ጥላዬ ሥር ደረሰ።

«ወንድሜ፣ ክስ ጻፍልኝ። ውል አፍርሷል።»

«እሺ። ምን እንዲወሰንልህ ትጠይቃለህ?»

«ያው የጻፍከውን ነው። ቤቱን ያስረክበኝ።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩ። አንቀጽዋ እንደ ወትሮዋ አምራ ቁጭ ብላለች።

«የበሬ ውል እኮ ነው» አልኩት በቀስታ።

«በሬው የት ነው ያለው? ቤት ውስጥ! ቤቷን ካስረከበኝ በሬውንም አስረከበኝ ማለት ነው። አንተ አርቀህ አስበህ ነው የጻፍከው፤ እግዚአብሔር ይባርክህ።»

እዚያው ተሳስቻለሁ ብል ነገሩ ያበቃ ነበር። አላልኩም። ቢወራብኝ ማን ያጽፈኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሲያመሰግነኝ ደስ ብሎኛል። ክሱን ጻፍኩ። «በሬውና ቤቱ የማይነጣጠሉ በመሆናቸው» የምትል ሐረግ ጨመርኩበት፤ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ራሴን አደነቅሁ።

ከሳምንት በኋላ ገበሬውና ሚስቱ መጥሪያ ይዘው መጡ። ከእኔ አጠገብ ከሚጽፉት ሁለት ሰዎች አንደኛው ለቅሶ ሄዷል፣ የሌላኛው የጽሕፈት መኪና ተሰብሯል። መልሱንም እኔው ጻፍኩ። መጻፍ ስጀምር ግን ተናደድኩ። የከሳሹን አቤቱታ የጻፈው ሰው ድፍረት አንገበገበኝ! «የማይነጣጠሉ» ማለት ምን ማለት ነው? በየትኛው ሕግ? ሁለት ገጽ ሙሉ ወረድኩበት። ካርቦኑ እስኪበሳ ነው የመታሁት።

ከዚያ በኋላ ሴትየዋ ለገበያ ሶዶ በመጣች ቁጥር ጥላዬ ሥር ቆማ በወላይትኛ ሰላም ትለኛለች።

«ሳሮ፣ ወንድሜ። ስንት ቀን ቀረ?»

«የምን ቀን፣ እህቴ?»

«ከሠላሳው።»

ገና ፍርድ አልተሰጠም፣ ሠላሳው መቆጠር አልጀመረም እላታለሁ። ራሷን ትነቀንቅና ትሄዳለች፤ በሚቀጥለው ገበያ ያንኑ ትጠይቀኛለች። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተጨመረ። ዳኛው ስብሰባ ነው፣ መዝገቡ አልተገኘም፣ አስተርጓሚው ታመመ። እሷ ሳምንት አልፎ ሳምንት በመጣች ቁጥር የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል። ቤቱ ቢሄድባት የወሰድኩት እኔ ነኝ።

የመጨረሻው ቀጠሮ ዕለት ጠዋት ሌላ ጥያቄ ይዛ መጣች።

«ጓሮ ያለው እንሰት ከቤቱ ጋር ነው የሚሄደው? ወይስ ነቅዬ ልወስድ ይፈቀድልኛል?»

ሴትየዋ ቤቱን በልቧ አስረክባ ጨርሳለች፤ አሁን የምትለምነኝ እንሰቱን ነበር።

ችሎት ገባን። ዳኛው ወጣት ነው። ውሉን አንድ ጊዜ አነበበ፣ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ ደግሞ አነበበ።

«ይኼ የበሬ ውል ነው ወይስ የቤት?»

«የበሬ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለ ባለ ልኳንዳው። «በሬው ግን ቤት ውስጥ ነው።»

ገበሬው እጁን አወጣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ በሬው ወጥቷል።»

ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን።

«መቼ?» አለ ዳኛው።

«ትናንት። በበሩ ነው የወጣው። ራሱ ነው የወጣው።»

ነገሩ ሲጣራ፣ ሚስቱ ለፍርድ ቤት ስትመላለስ በሬውን የሚያጎርሰው ጠፍቶ ነበር። ከሳ፣ ከሳ፣ ትናንት ተነሥቶ በሩን ተሻግሮ መስክ ላይ ሣር ይግጥ ጀመር።

«እንግዲያው ይረከቡት» አለ ዳኛው።

«አልረከብም! ውሉ የሰባ ነው የሚለው። ይኼ የከሳ ነው።»

«ሲሰባ አይወጣም፤ ሲወጣ አልሰባም» አለ ዳኛው ለራሱ። ብዕሩን አስቀመጠ። «ቤቱንስ ምን ያደርጉታል? በሬው ውስጡ የለም።»

«በሬው ቢወጣም ቤቷ እዚያው አለች፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ተጽፏል።»

ዳኛው ይህን ውል የጻፈው ማነው አለ። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ተነሣሁ። ክሱንስ? አለ። እኔ ነኝ አልኩ። መልሱንስ? እሱንም እኔ።

«ክሱ ላይ በሬውና ቤቱ አይነጣጠሉም ብለሃል። መልሱ ላይ ደግሞ ይህን የጻፈው ሰው ሕግ በአጠገቡ አላለፈም ብለሃል። የቱ ነው የአንተ ሐሳብ?»

ችሎቱ ሳቀ። ሴትየዋ አማርኛውን በደንብ ስለማትሰማ ሰዎቹ ለምን እንደሚስቁ ለማወቅ ፊቴን ታያለች። ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ከኪሴ ያንን የቤት ኪራይ ውል አወጣሁ፣ አራት ቦታ ታጥፎ ሊበጣጠስ ደርሷል፣ ለዳኛው ሰጠሁት። ሁሉንም ከዚህ ነው የምገለብጠው፣ አንቀጽዋን ሳላወጣ ቀርቼ ነው፣ ተዋዋዮቹ ስለ ቤት አንድም ቃል አልተነጋገሩም አልኩ።

«ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልክ?»

«ፈርቼ ነው። ደግሞም አሪፍ አንቀጽ ነበረች።»

አንቀጽዋ ተሰረዘች። ስለ በሬው በሽማግሌ ተስማሙ ተባለ። ሽማግሌዎቹ ግማሽ ቀን ተቀምጠው፣ በሬው ለመጪው ጊፋታ እንደገና ይደልብ፣ ባለ ልኳንዳው በራሱ ወጪ ሰፊ በር ያስገጥም ብለው አስታረቋቸው። ሴትየዋ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ አየኋት፤ ወደ እሷ መሄድ አፈርኩ።

በማግስቱ ማንም አይመጣም ብዬ ጥላዬን ላፈርስ ሄድኩ። ሰልፉ መንገዱን ዘግቶታል። ባለ ጋሪው፣ ባለ ድንኳኑ፣ ከዲምቱ ድረስ የመጣ የሠርግ ፎቶ አንሺ፣ ሁሉም ያጻፈኝን ውል ይዞ ቤቱን ለማን እንደ ሰጠ ሊጠይቀኝ ቆሟል። የመዘምራን ሰብሳቢው ደግሞ፣ ልብስ ሰፊው ስለዘገየ ብቻ፣ የልብስ ሰፊውን ቤት ለመረከብ ተዘጋጅቶ ኖሯል። ቀኑን ሙሉ አንቀጽዋን ስሰርዝ ዋልኩ።

ሰልፉ መጨረሻ ላይ ገበሬው፣ ሚስቱና ባለ ልኳንዳው ነበሩ። አዲስ ውል ይፈልጋሉ። የጽሕፈት መኪናውን ገፋ አድርጌ በእጄ ጻፍኩ። የሰባ በሬ፣ በጊፋታ ዋዜማ፣ ሰፊ በር። ሦስት መስመር ብቻ። ለሴትየዋ በወላይትኛ ቀስ ብዬ ቃል በቃል አነበብኩላት።

ባለ ልኳንዳው ቅር አለው። «ይኼ ምኑ ውል ነው? ክብደት የለውም። የሚያስፈራ ነገር ጨምርበት እንጂ።»

«አለቀ?» አለችኝ እሷ።

«አለቀ፣ እህቴ።»

«ቤት የለበትም?»

«የለበትም።»

አውራ ጣቷን ወደ ቀለሙ ስትወስድ መለስ አደረገችው። ባለ ልኳንዳውን አየችው።

«የእሱን ቤት አስገባ» አለች። «እሱም ማታ ማታ ግድግዳውን እያየ ይደር።»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። ገበሬው ሳቀ፣ ባለ ልኳንዳው ራሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ቀና ስል አውራ ጣቷ ገና በአየር ላይ ነው፤ እንድጽፍ እየጠበቀችኝ ነበር። እሷ አልሳቀችም።