«ዛሬ ምን ሞተ?»

ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ሐዲዱ ሲዘረጋ ለሥራ ወደ ጅቡቲ ወርደው በዚያው የቀሩ፣ ችግኝ ተክለው የማያውቁ የባቡር ሰው ነበሩ።

ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ክረምቱን ከከተማው ዳር አምቡሊ በሚባለው ሰፈር ባለ የአትክልት ቦታ ሥራ እንድለማመድ ተላክሁ። ክረምት የምንለው ከአገር ቤት በመጣ ልማድ ነው እንጂ እዚህ የሚነድ ሐሩር ነው። ማታ ስመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ምን እንደበቀለ ይጠይቀኛል። ጋሼ ግን በሩ ላይ ከእንጨት ሣጥናቸው ሳይነሡ፣ «ዛሬ ምን ሞተ?» ይሉኛል። በየቀኑ። ጥያቄው ያናድደኝ ነበር።

አንድ ቀን አንድ መደብ ሙሉ የሐብሐብ ችግኝ ደርቆ አገኘሁ። ማታ፣ «ፀሐዩ ገደለው» አልኳቸው።

«ፀሐዩማ አጠገቡ ላለውም ወጥቷል። ሥሮቹን ቆፍረህ አየህ?»

አላየሁም ነበር። በማግስቱ ስቆፍር አፈሩ ከጨው የተነሣ ነጥቷል፤ ያ መደብ የሚጠጣው ከሌላ፣ ውኃው ጨዋማ ከሆነ ጉድጓድ ኖሯል። ለአትክልቱ ኃላፊ ለፈረንሳዩ ነገርኩትና ውኃውን ለወጥን። ከዚያ ወዲህ የደረቀ ችግኝ ሥሩን ሳላይ ጥዬ አላውቅም።

ክረምቱ ሳያልቅ ጋሼ ሞቱ። ከቀበርናቸው በኋላ ሣጥኗ በሩ ላይ እንዳለች ናት፤ የሚቀመጥባት የለም። ሰዎች ትንሽ ዕረፍ ቢሉኝም እንቢ ብዬ ትናንት ወደ አምቡሊ ተመለስሁ። ማታ ስገባ ምን ሞተ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ሣጥኗ ፊት ቆሜ መልሱን ሰጠሁ።

«ሁለት ሞተውብኛል፣ ጋሼ። ሥሮቻቸውን አይቻለሁ። ነገ በቦታቸው ሌላ እተክላለሁ።»