ሰንጢው ወይስ ቢላው

ሚስቴ ቦንዳ ፈቺ ናት። ያገለገለ ልብስ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥርቅም ተደርጎ ታስሮ መጋዘን ይደርሳል፤ እሷ ማሰሪያውን በጥሳ ለመራጮቹ ትዘረግፈዋለች። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ! ባልደረቦቿ «መብረቅ» ይሏታል፤ ሌላው አንዱን ሲያገላብጥ እሷ ሦስት ትጨርሳለች።

እኔ ጫማ ሰሪ ነኝ፤ ስለት አውቃለሁ። እሷ የምትሠራው በሰንጢ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሰንጢ አላምንም። አንድ ቀን ማሰሪያ ውስጥ ተቀረቀረባት፤ ልትነቅለው ስትታገል ተመልሶ ታጠፈና አመልካች ጣቷን ዘነጠለው። ከዚያ ወዲህ እረፍት የለኝም። እስክትገባ ድረስ ሶል ልለጥፍ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ያቅበዘብዝሃል?» ትለኛለች።

«ሰንጢ ማለት ወገቡ የተሰበረ ቢላ ነው! ቢላ እንደኔ ደረቅ መሆን አለበት።»

«እንዳንተማ ከደረቀ ማን ይችለዋል? ሰንጢዬ ታጥፎ ኪሴ ይገባል፤ ስጎነበስ አይወጋኝም።»

ልሰማ ነው እንዴ? አሻፈረኝ ብዬ የማይታጠፍ አጭር ቢላ ገዛሁ፣ ከወፍራም ቆዳ አፎት ሰፋሁለት፣ ቀበቶዋ ላይ በእጄ አሰርኩላት። ሳቀችብኝ። ወሰደችው ግን፤ እኔ እንዳርፍ ብላ።

ሦስት ቀን ሰላም ሆነ። «እውነትህን ነው፣ አይነቃነቅም» ስትለኝ ደረቴን ነፋሁ።

አንድ ነገር አላሰብኩም። እነዚህ ቦንዳ ፈቺዎች ሰንጢያቸውን አይተው አይዘጉም። ጀርባውን ጭናቸው ላይ ጫን አድርገው በአንድ እጅ ያጥፉና፣ ዓይናቸው ቀጣዩ ቦንዳ ላይ እንዳለ፣ ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ጣል ነው። በአራተኛው ቀን እጇ የለመደውን ሠራ። ቢላውን ጭኗ ላይ ጫን አደረገች፣ የታጠፈ መሰላት፣ ኪሷ ከተተችው። አፎቱ ባዶውን ወገቧ ላይ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ቦንዳ ልትገፋ ጎንበስ አለች።

ስልክ ሲደወልልኝ ጨርቄን ማቄን ሳልል ሮጥኩ። ክሊኒክ ስደርስ ጭኗ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሐኪሙ «ትንሽ ፈቀቅ ቢል ትልቁን የደም ሥር ያገኘው ነበር» አለኝ። «እኔን! እኔን ያድርገኝ!» ብዬ አልጋዋ ሥር ቁጭ አልኩ።

«በቃ፣ ተርፌያለሁ» አለች። አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ!

ሦስት ሳምንት ተኝታ ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ልትመለስ ተነሳች። ሰንጢውንና ቢላውን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ቁጣም አሽሙርም የለባትም።

«በል ንገረኝ፣ የቱን ልያዝ?»

እኔ፣ ስለት አውቃለሁ ባዩ፣ ሁለቱን እያፈራረቅኩ አየሁ። ይሄኛው ስል ጣቷ ይታየኛል፣ ያኛው ስል ጭኗ። ቆማ ጠበቀችኝ፤ የምሯን ነበር የጠየቀችኝ። ሰርቪሱ ደጅ ላይ ጡሩምባውን ሲነፋ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አንዱን አንስታ፣ እያነከሰች ወጣች።

የቱ እንደቀረ ለማየት ፈርቼ እስካሁን ወደ ጠረጴዛው አልዞርኩም።