ባጫና የሽንት ቤቱ ሳይንስ

ለኮልፌ ሰፊ ሕዝብ በሙሉ፤ ከአስራ ስምንት ማዞሪያ እስከ አስኮ፣ ከአስኮ እስከ ሳንሱሲ ላለህ ወላጅ ሁሉ። የማትሪክ ተፈታኝ ዕጣ ፈንታ ከእንግዲህ በጠንቋይ፣ በኮከብ ቆጣሪና በመሰል የአድሃሪ ሥርዓት ርዝራዦች አይወሰንም። ማን ዩኒቨርሲቲ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወድቅ የሚለይ ሳይንሳዊ ዘዴ በመራራ ትግል ተገኝቷል። ያገኘውም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ዘበኛ፣ የመሠረተ ትምህርት ሰርተፍኬቱን በመስታወት አስገብቶ የሰቀለው፣ የደሞዝ ፊርማውን ግን እስከ ዛሬ በአውራ ጣቱ የሚፈርመው ባጫ ነው።

ሳይንሱ እንደ ታላላቅ ሳይንሶች ሁሉ ቀላል ነው። በማትሪክ ቀን ተፈታኝ ብቻውን ሽንት ቤት አይሄድም፤ ጓደኛው ግድግዳው ላይ መልስ ጽፎ ይጠብቀው ይሆናላ። ስለዚህ ባጫ ዱላውን ይዞ ያደርሰዋል፣ ይመልሰዋል። ከዚያ ጥበቃ ቤቱ ገብቶ ግድግዳው ላይ በከሰል አንድ መስመር ያሰምራል። ስም መጻፍ ስለሚያታክተው ልጆቹን በምልክት ነው የሚያውቃቸው። ባለ መነጽሩ ሁለት ክብ ነው፣ ጆሮ ትልቁ ማንኪያ ነው።

በአራቱ የፈተና ቀናት አንዴም ያልወጣ፣ ሕክምና ይገባል። አንዴ የወጣ ምህንድስና። ሁለቴ የወጣ እርሻ ኮሌጅ፣ እሱም እናቱ ከተሳለች። ሦስቴ የወጣ ለብሔራዊ ውትድርና ጫማውን ያጥብቅ። "ያወቀ ሰው ሆዱ ይረጋል" ይላል ባጫ፣ "ያላወቀ ነው የሚረበሸው።"

በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠው ፀዳለ አንድ ቀን፣ "ጋሽ ባጫ፣ የሰው ልጅ በሽንት ይመዘናል እንዴ?" ብትለው፣

"ሐኪምስ በምን ይመዝንሻል?" ብሎ አፏን አስያዛት።

ስድስት ዓመት አልሳተም ይባላል። የሳተውን ማን ቆጥሮ? ኮልፌ እንደሆነ የገባለትን እንጂ የወደቀበትን መቁጠር አያውቅም። ንቃት የሚባለውን ነገር ስንት ዓመት በድምፅ ማጉያ ብንግተውም፣ ይኸው ዘበኛ ፊት ተሰልፎ ይውላል።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ግን ለሳይንሱ ፈተና መጣበት። ስሟ አልፊያ ይባላል፣ የቆርቆሮ ነጋዴው የጀላል ልጅ። ሌላው ተማሪ ባጫን እንደ በሩ ምሰሶ ሲያልፈው፣ እሷ "እንዴት አደሩ አባባ ባጫ" ሳትል አታልፍም። አራቱንም ቀን፣ ከሰዓት በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት እጇን እያወጣች ፈቃድ ጠየቀች። ባጫም እየሸኘ፣ የሰው ልጅ ናትና ጀርባውን እያዞረ ጠበቃት። በአራተኛው ቀን ግድግዳው ላይ አራት መስመር ቆመ። እንዲህ ያለ ቁጥር ታይቶ አይታወቅም። ለአራት የሚሆን ኮሌጅ እንኳ ሳይንሱ አላዘጋጀም ነበር።

ውጤት ሊመጣ ወር ሲቀረው ጀላል ዣንጥላውን ይዞ ጥበቃ ቤቱ ከች አለ።

"ጋሽ ባጫ፣ እሁድ ሽማግሌ ሊመጣብኝ ነው። ልጁ መርካቶ ሱቅ አለው፣ ነገር የለበትም። አልፊያ ግን ሐኪም ካልሆንኩ ብላ እህል አልቀምስ ብላለች። የምትገባ ከሆነ ሽማግሌዎቹን በክብር እሸኛለሁ። የማትገባ ከሆነ ቃሌን እሰጣለሁ። ቃሌን ከሰጠሁ ደግሞ፣ ያውቁኛል፣ ኋላ ሰማይ ቢከፈት አልመልሰውም።"

ባጫ ዞር ብሎ ግድግዳውን አየ። አራቱ መስመሮች እንደ አጥር እንጨት ተገትረዋል። ቀስ ብሎ ሄደና ካፖርት የለበሰ ጀርባውን አስደግፎ ሸፈናቸው።

"ትገባለች" አለ አፉ፣ እሱን ሳያማክር።

"የት?"

"ሕክምና።"

"ስንቴ ወጣች?"

"አንዴም።"

ጀላል እንደ ልጅ እየዘለለ ወጣ። ባጫ ሻይ ፍለጋ ሲሄድ ፀዳለ ከኋላው፣ "ጋሽ ባጫ፣ ጀርባዎ ላይ አራት መስመር አለ። የማን ልጅ ታትማ ነው?" አለችው።

ያ ወር ባጫን አከሳው። ውሸቱ ሲገለጥ የሚሸሽበትን አስቦ ሰበታ ያለ ወንድሙ ዘንድ ላከ፤ ጋቢውን ጠቅልሎ አልጋው ሥር አስቀመጠ። ውጤት በመጣ ቀን አልፊያ ጭቃውን እየረገጠች፣ ወረቀት እያውለበለበች በበሩ ስትገባ ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ነበር።

"ሦስት ነጥብ ስምንት፣ አባባ ባጫ።"

ጀላል ደርሶ ትከሻውን ሳመው። ከኋላው ሁለት ተሸካሚዎች ለጥበቃ ቤቱ ጣሪያ አዲስ ቆርቆሮ ይዘው እያንኳኩ መጡ። ሰፈሩ እልል አለ። ፀዳለ ሻይ በነጻ ቀዳች፤ ይህ ከአብዮቱ ወዲህ ያልታየ ነው። ባጫ በዱላው ሦስት ዙር ጨፈረ፤ ጥቅሉም አብሮት ጨፈረ። ሲደክመው ልጅቷን ወደ ጥግ ሳባት።

"ልጄ፣ ሆድሽ ደህና ነው?"

"ምን ሆኖ?"

"አራቴ ነው እኮ የወጣሽው።"

ሳቀች። "የከሰዓቱ ሰላት እንዳያልፈኝ ነዋ። ቧንቧው ጋ ታጥቤ ቶሎ እሰግዳለሁ። ጀርባዎን ባያዞሩልኝ ምን ይውጠኝ ነበር?"

"ታዲያ ለፈታኞቹ አትነግሪም?"

"ሰላት ብል ኋላ ቀር ይሉኛል፤ ሽንት ብል ግን ማንም አይከለክለኝም።"

ባጫ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሲስቅ ቆይቶ ግን፣ አምና ሦስት መስመር የነበራት ሃጂራ ትዝ አለችው። አባቷ መጥቶ ሲጠይቅ "አትገባም" ብሎት ነበር። ውጤት ሳይመጣ ድሬዳዋ ተዳረች፤ ወረቀቷን የወሰደ የለም።

ጨርቅ አርጥቦ ግድግዳውን ይፈትግ ጀመር። ከሰሉ አልጠፋም፣ ተዛመተ እንጂ። በማግስቱ ከሳንሱሲ ድረስ የመጡ ወላጆች በሩን ሞሉት። ባጫ "ልጅዎን ይጠይቁ" ቢላቸው፣ "አይ ትሕትና" ተባባሉ፤ ሰልፉም ማዞሪያው ድረስ ረዘመ።

አንተ ነቅቻለሁ ባይ አንባቢ፣ አንተንም ከሰልፉ መሃል ያየሁህ መሰለኝ። ባጫን ተወውና ቤትህ ግባ፤ ልጅህን አጠገብህ አስቀምጣትና፣ እባክህ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እሷኑ ጠይቃት።