አሥራ አንድ ሽመላ

ኦክላንድ ውስጥ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ፣ የባሕሩ ውሃ ወደ ውስጥ ገብቶ ጭቃና ሣር የሚሆንበት ረግረግ አለ። ለማያውቀው ሰው ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። ለእኔ ግን የሃያ ስድስት ዓመት ዕድሜዬ ሽታ ነው። ዛሬም በዚያ በኩል ሳልፍ የመኪናዬን መስኮት እከፍታለሁ። አብሮኝ ያለው ሰው አፍንጫውን ሲይዝ እኔ አየሩን በረጅሙ እስባለሁ።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ከካርቱም ስፖንሰር አድርገው ካመጡኝ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። «ጋሼ» ነው የምላቸው። ሚስትም ልጅም የላቸውም፤ ባለ ሁለት ክፍል አፓርታማቸው ውስጥ ሰፊውን ክፍል ለእኔ ለቀው እሳቸው ጠባቧ ውስጥ ይተኛሉ። የምንሠራውም አንድ ሆቴል ውስጥ ነው። እኔ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ጋሼ ደግሞ በሆቴሉ ቫን እንግዳ ከአየር ማረፊያው ያመላልሳሉ። አገር ቤት ሳሉ ከአሰብ አዲስ አበባ ቦቴ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። «በጨለማ፣ በአፋር በረሃ፣ ጥቁር ፍየል ከሩቅ የማይ ሰው ነኝ» ይሉ ነበር፤ ደግሞም እውነታቸውን ነበር።

ሥራችን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራል። ጋሼ ማርፈድን እንደ ነውር ስለሚያዩ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በአሮጌዋ ዳትሰናቸው ከቤት እንወጣለን። ሆቴሉ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። የተረፈንን ሰዓት ረግረጉ ዳር ቆመን፣ ከፔርሙዝ ሻይ እየቀዳን፣ ከሆቴሉ ቁርስ የተረፈ ማፊን እየገመጥን እናሳልፈዋለን። ጭጋጉ ከውሃው ላይ ቀስ እያለ ሲነሳ ጭቃው በወፍ ተሞልቶ ይገኛል። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ከሰሜን፣ ከአላስካ ሳይቀር፣ እየተነሱ የሚመጡ ናቸው። ግማሾቹ እዚያው ይከርማሉ፣ ግማሾቹ ጥቂት በልተው ወደ ደቡብ ይቀጥላሉ።

ጋሼ ወፍ የሚወዱት ድሮ ነው። በመስከረም ሰሞን ከቀይ ባሕር ማዶ የመጡ ወፎች የአሰብ መንገድ አስፋልት ላይ ደክሟቸው ይወድቁ እንደነበር ይነግሩኛል። «ሙሉ ነዳጅ ጭኜ መዳፍ ለማትሞላ ወፍ ፍሬን እይዛለሁ። ረዳቴ ‹ያመዎታል እንዴ?› ይለኛል» ብለው ይስቃሉ።

እዚያ ቆመን ሻይ ስንጠጣ ነው አንዲት ሴትዮ ያገኘችን። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነበረች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቴሌስኮፗን እንደ ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ አድርጋ የምትሄድ። በእንግሊዝኛ አንቱ ብዬ ስለማላውቃት በአማርኛም «እሷ» ሆና ቀረች። በፍልሰቱ ወራት ረግረጉ ላይ ስንት ወፍ እንደሚያርፍ በየቀኑ ታስቆጥራለች። ቦታው ተደፍኖ ሕንፃ እንዳይሠራበት የምትከራከረው በዚያ ቁጥር ነው። ከውሃው ማዶ ያለውን ራሷ ትቆጥራለች፤ በእኛ በኩል የሚቆጥርላት አልነበረም። በየጠዋቱ እንደምንመጣ ስታይ ጠየቀችን፣ ጋሼም ከእኔ ቀድመው «ኦኬ» አሉ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ፈጥነው ኦኬ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

አቆጣጠሩን አስተማረችን። አሥር ወፍ ትቆጥሪና አሥሩ ምን ያህል ቦታ እንደያዙ በዓይንሽ ትለኪያለሽ፤ ከዚያ ያንን ልክ በመንጋው ላይ እየደጋገምሽ ትሄጃለሽ። ሁለት ሰው ለየብቻ ይቆጥራል፣ ለየብቻ ይጽፋል፣ አንዱ የሌላውን አያይም። ወረቀቶቹን ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ ትሰበስባለች። አንድ ባይናኩላርም አዋሰችን። ጋሼ «ዓይን ያሰንፋል» ብለው ለእኔ ተዉት።

በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ጣታቸውን ወደ ጭቃው ጫፍ ዘርግተው፣ ድምፅ አውጥተው፣ «ሽመላ፣ አሥራ አንድ» አሉ። በትልቅ ማርከርም ወረቀታቸው ላይ ጻፉ። እኔ ባይናኩላሩን አነሳሁ። ጫፉ ላይ የነበረው ሽመላ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ድልድይ ወይም የመርከብ ማቆሚያ የነበረ ነገር ጥሎት የሄደ፣ ውሃ የበላው፣ በመደዳ የቆመ አመድማ ግንድ ነው።

«አንቺስ ስንት አገኘሽ?» አሉኝ።

ምን ልበል? ከካርቱም ያመጡኝ፣ ሰፊውን ክፍል የለቀቁልኝ፣ አባቴን የሚበልጡ ሰው ናቸው። እሳቸውን ‹ግንድ ነው› ብዬ ላርማቸው?

«እኔም እንደዚያው» አልኩ። አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩ።

እንደዚያ ተጀመረ። ግንዶቹ የትም አይሄዱምና በማግስቱም አሥራ አንድ ሽመላ ነበር፣ በሦስተኛውም ቀን። ዊሌት የምትባል ወፍ ነበረች፤ ቆማ ስትታይ አመድ የነሰነሱባት ተራ ወፍ ናት፣ ስትነሳ ግን ክንፏ ላይ ጥቁርና ነጭ ብልጭ ይላል። ጋሼ ቆመው ሳሉ አይቆጥሯቸውም። እጃቸውን ያጨበጭቡና መንጋው ሲነሳ ነው «ሃያ!» የሚሉት። እኔ ስልሳ ቆጥሬ ሃያ እጽፋለሁ። ከዚያ መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶ ስናስር «አንቺስ ስንት አገኘሽ?» ይሉኛል፤ እኔም «እንደዚያው፣ ጋሼ» እላለሁ። ደስ ብሏቸው ሞተሩን ያስነሳሉ።

ዓይናቸው እንደደከመ ገብቶኛል፤ አልገባኝም ብል ውሸት ነው። ሻይ ሲቀዱ አውራ ጣታቸውን ኩባያው አፍ ላይ አድርገው ሙቀቱ ሲነካቸው ነው የሚያቆሙት። የመንገድ ምልክት ሲያጋጥመን «እስቲ እንግሊዝኛሽን ልስማው፣ ያ ምን ይላል?» ይሉኛል፤ እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ አነብላቸዋለሁ። ለብቻዬ ስሆን ይጨንቀኝ ነበር። ጋሼ የሚጭኑት ሰው ነው። ሕፃን የታቀፈች እናት አለች፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ላይሰንሳቸውን ቢያጡ የሚያጡት ሥራ ብቻ አይደለም። ከሃያ ዓመታቸው ጀምሮ ሾፌር ናቸው፤ ሌላ ምን እንደሆኑ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ጠዋት ከረግረጉ ወደ ሆቴሉ ስንሄድ መብራት ቀይ ሆነ። ጋሼ አልቆሙም። ነጩ መስመር ላይ የምሳ ዕቃ የያዘ ሰው ይሻገር ነበር። «ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። ፍሬን ያዙ፤ ዳትሰኗ ሰውየው ጉልበት ሥር ደርሳ ቆመች። ሰውየው ቦኔቱን በመዳፉ መትቶ፣ ተሳድቦ ሄደ።

«አይቼው ነበር እኮ» አሉኝ ጋሼ።

«አዎ፣ አይተውታል» አልኩ። ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

መቁጠር ከጀመርን ሦስተኛው ቅዳሜ ከእንቁጣጣሽ በኋላ የዋለው ነበር። ሴትየዋ የሁለት ሳምንት ወረቀታችንን ይዛ መጣች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ የተማሪ ደብተር ስታርም የኖረች ሰው ፈገግታ ነው ያለው። ሁለት ሰው ሲቆጥር ቁጥሩ እንደሚለያይ፣ እሷ ራሷ ከእህቷ ጋር ሠላሳ ዓመት ስትቆጥር አንድም ቀን ገጥሞ እንደማያውቅ ነገረችን። የእኛ ግን አንድም ቀን አልተለያየም። ደግሞ እነዚህን አሥራ አንድ ሽመላዎች ማየት በጣም ትፈልጋለች። በዚህ ረግረግ ከሦስት በላይ አይታ አታውቅም።

ጋሼን ከመኪናው አጠገብ አቆመቻቸው፣ እኔን ሃምሳ እርምጃ አራቀችኝ። አይጨበጨብም፣ አይወራም። ነፋሱ ወደ ባሕሩ ስለሚነፍስ የጋሼ ድምፅ አይደርሰኝም። በእጄ እርሳስና ባዶ ወረቀት ብቻ ቀረ።

ያን ያህል ጊዜ ወረቀት ፊት ቆሜ አላውቅም። አሥራ አንድ ብዬ መጻፍ ቀላል ነበር፤ ሳልሰማም አውቀዋለሁ። እርሳሱን አስጠጋሁ። ያ የምሳ ዕቃ የያዘ ሰው መጣብኝ፤ ቦኔቱን የመታበት መዳፉ። ከዚያ ግንዶቹን በባይናኩላሩ እንደገና አየኋቸው፣ ድንገት አንዱ ተንቀሳቅሶ ሽመላ ይሆንልኝ እንደሆነ ብዬ። አልሆነም። ሽመላ በሚለው አጠገብ ዜሮ ጻፍኩ። ዊሌት በሚለው ላይ ስልሳ አራት ጻፍኩ። ስጽፍ አለቅስ ነበር።

ሴትየዋ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ይዛ ድምፅ አውጥታ አነበበች። የጋሼን አሥራ አንድ፣ የእኔን ዜሮ። ዊሌት ላይ የጋሼን አምስት፣ የእኔን ስልሳ አራት። መሳቅ ጀምራ ነበር፤ የጋሼን ፊት ስታይ አቆመች። ዘወር ብላ ቴሌስኮፗን የምታስተካክል መሰለች።

ጋሼ ወደ ጭቃው ጫፍ ትክ ብለው ተመለከቱ። ከዚያ ከኪሳቸው የዳትሰኗንና የቫኑን ቁልፍ አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡት። እኔ መንዳት አልችልም ነበር። ሴትየዋ ናት በመኪናዋ ወደ ሆቴሉ ያደረሰችን።

ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠን ግማሽ መንገድ ስንደርስ ነው የተናገሩት፣ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳያዞሩ።

«እዚያ በየቀኑ የምቆመው ወፍ ልቆጥር መስሎሽ ነው?»

ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«ዓይኔ አንድ ነገር እንደሆነ ከሰኔ ጀምሮ አውቃለሁ። ላይሰንስ ሰጪው ዲ ኤም ቪ ሄጄ ቴስት ከሚያደርጉኝ አንቺ ቴስት አድርጊኝ ብዬ ነው። እኔ ያየሁትን ካየሽ ደህና ነኝ፤ ካላየሽ በዚያኑ ቀን መንዳት አቆማለሁ ብዬ ለራሴ ምያለሁ። በየቀኑ ጠየቅኩሽ። በየቀኑ ‹እንደዚያው› አልሽኝ። አንቺን አምኜ ሰው ጫንኩ፣ የኔ ልጅ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ እሳቸውን ያከበርኩ መስሎኝ ነበር፤ ይሉኝታ ያልኩት ነገር ፈሪነት እንደነበረ ያን ጠዋት ገባኝ። ሁለቱን ቁልፍ መዳፌ ውስጥ እንደጨበጥኩ ሆቴሉ ደረስን።

በዚያው ሰዓት ማናጀሩ ጋ ገብተው ራሳቸው ተናገሩ። ላውንድሪ ውስጥ ፎጣ ማጠፍ ተሰጣቸው። ሐኪሙ የእይታቸው መሃል እንደጠፋ፣ እንቅስቃሴ የሚይዘው ዳር ዳሩ ብቻ እንደቀረ፣ የጠፋውም እንደማይመለስ ነገረን። ለካ ወፎቹን ሲነሱ ብቻ ያዩ የነበረው ለዚህ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ከ«ደህና አደርሽ» በላይ አላወሩኝም። በአውቶቡስ ሄደን በአውቶቡስ ተመለስን። ራታቸውን አቀርባለሁ፣ «ተባረኪ» ይላሉ፣ ያ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ስነሳ ጋሼ ለባብሰው፣ ፔርሙዙን ሞልተው በር ላይ ቆመዋል። ሴትየዋ መጥታ ወሰደችን። እሷ ወደ ማዶ ሄደች፣ እኛ የድሮ ቦታችን ላይ ቆምን። ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ከዚያ በኋላ እኔ ወደ ሳን ሆዜ ከተማ እስክዛወር ድረስ ሦስት መስከረም እንደዚያ ቆመናል፣ እሳቸው በጆሮና በዓይናቸው ዳር፣ እኔ በባይናኩላር። ብዙ ጊዜ «ስልሳ» ሲሉ «የለም፣ አርባ ነው» ብዬ ተከራክሬያቸዋለሁ። እነዚያን ጠዋቶች መልሶ የሚሰጠኝ ቢኖር ምን ብዬ እንደማመሰግነው አላውቅም። ከሁሉም የምናፍቀው ግን ያችን ፔርሙዝ ሞልተው በር ላይ የጠበቁኝን ቅዳሜ ነው።

ሻይ ቀዱልኝ፣ አውራ ጣታቸውን ኩባያው አፍ ላይ አድርገው፣ አሁን ሳይደብቁ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ጭቃው ጫፍ ዘረጉ።

«ያ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ግንድ ነው፣ ጋሼ።»

«ሽመላ አይደለም?»

«አይደለም። ተሳስተዋል።» ለትልቅ ሰው እንዲህ ስል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

አንዲት ወፍ በላያችን ጮኻ አለፈች።

«ስንት ግንድ ነው?»

ቆጠርኩ፣ በእውነት ቆጠርኩ፣ አንድ በአንድ።

«አሥራ አንድ።»

«ቁጥሩንስ አልሳትኩም» አሉና ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ኩባያውንም እጄ ላይ አስይዘው «በይ ወደ ዊሌቶቹ» አሉኝ። «ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ።»