እናቴ ከጠላ ቤት ስትወጣ ታየች

ዛሬ ላፍቶ የዶሮ መኖ ልገዛ ሱቅ ገብቼ ሻጩ አንድ ከረጢት ዱቄት አሳየኝ። «ውስጡ ሕይወት ያላቸው ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ። የዶሮዎቹን ሆድ ያስተካክላል፣ እንቁላል ይጨምራል» ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ።

በደርግ ጊዜ እናቴ ጎፋ ዶሮ ታረባ ነበር። ጴንጤ ናት፤ ጠላ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ግን በየጠዋቱ ባልዲዋን ይዛ ጠላ ሻጯ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ጋ ትሄድና አተላ ታመጣለች። ከፉርሽካ ጋር ለውሳ ትሰጣቸዋለች። «የዶሮ ሆድ የሚያጸናው ይኼ ነው» ትላለች።

አንድ ቀን የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ከጠላ ቤት ስትወጣ አዩአት። ሊመክሯት ቤት ድረስ መጡ። እስኪጨርሱ ሰማቻቸውና ወደ ዶሮዎቹ ወሰደቻቸው።

«ጋሼ፣ ጠጪዎቹ እነዚህ ናቸው። ይምከሩልኝ።»

ዱቄቱን ገዛሁት። ይዤው ስወጣ ማንም ዞሮ አላየኝም።

የእናንተ ቤት ዶሮዎችስ ምን ይጠጡ ነበር?