ከቀኝ የተጀመረው አልጀብራ

ኑርሀያት ጠዋት ጠዋት፣ ልጇ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ስትወጣ፣ የደብተር ቦርሳዋን አንስታ ትመዝነዋለች። አትከፍተውም። በማንገቻው ይዛ ከመሬት ከፍ ታደርገውና ክብደቱ የደብተር ብቻ መሆኑን ክንዷ ሲነግራት መልሳ ታስቀምጠዋለች። ሀኒያ ስትመለስ እናቷን የምታገኛት የዓሣ መጥበሻዋን ስትፈትግ ነው።

ይህን የጀመረችው የእህቷ ልጅ ዑምኩልሱም ከሐይቅ ከተማ ከጠፋች ወዲህ ነው። ዑምኩልሱም የስምንተኛ ክፍል ፈተና ወደቀች፤ ብዙም ሳትቆይ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ ብላ በደብተር ቦርሳዋ ልብስ ይዛ ወጣች። በባቲ አድርጋ አፋርን አቋርጣ ባሕር ተሻገረች ይባላል። ድምጿን የሰማ ግን የለም።

ሀኒያም ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። በመጀመሪያው መንፈቅ ሒሳብ ወድቃ፣ "ይሄን ፈተና ካላለፍኩ እዚህ ተቀምጬ ዓሣ አልጠብስም" አለች። የተናገረችው ጮክ ብላ አልነበረም፤ ኑርሀያትን ያስፈራትም ይኸው ነው። እሷ ራሷ ወደ ጂዳ ለመሄድ የቆረጠች ቀን ለእናቷ የነገረቻት እንዲሁ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር።

መንገዱን ታውቀዋለች። ባሏ እንድሪስ ከሞተ በኋላ ሕፃኗን ሀኒያን ለእናቷ ትታ ሄዳበታለች። ባሕሩን ስትሻገር ጀልባው ላይ ያየችውን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ጠብሳ የምትሸጠውን ዓሣ ሐይቁ ዳር ከአጥማጆች ስትገዛ እንኳ የምትቆመው ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታ ነው። ሀኒያ የምታውቀው እናቷ ጂዳ ሠርታ ይህን ቤት መሥራቷን ብቻ ነው።

ከጂዳ ይዛ ከመጣቻቸው ዕቃዎች አንዱ ማጠፊያው የላላ ላፕቶፕ ነበር፤ የአሠሪዋ ልጆች ሲያድጉ የተውት። ውስጡ ሒሳብ የሚያስተምር ፕሮግራም አለ። ወለል ስትወለውል ስትሰማው ስለኖረች ድምፁን በቃሏ ታውቀዋለች፤ መልሱ ልክ ሲሆን "አሕሰንት" ይላል፣ ሲሳሳቱ ዝም ብሎ ጥያቄውን ቀይ ያደርገዋል። ሀኒያ የወደቀች ዕለት ኑርሀያት ከሳጥን አውጥታ ሰካችው።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ መብራት ካለ፣ ኑርሀያት የዓሣውን ዘይት ከጣቶቿ በሳሙና አስለቅቃ ትቀመጣለች። ኮምፒውተሩ በዐረብኛ ይጠይቃል፣ እሷ ወደ አማርኛ ትመልሳለች፣ ሀኒያ ትሠራለች። የማይታወቀው ቁጥር እዚያ ኤክስ አይደለም፤ ሲን የምትባለው የዐረብኛ ፊደል ናት።

"እማ፣ ይሄ ከየት ነው የሚጀምረው?" አለች ሀኒያ በመጀመሪያው ቀን።

"ከቀኝ ነዋ።"

"ትምህርት ቤት ግን ከግራ ነው።"

"ቁጥር ብቻ ከሆነ ከግራ። ፊደል ከገባበት ከቀኝ። ስሙን አትሰሚም እንዴ? አል-ጀብር። የዐረብ ነው፤ እንደ ባለቤቱ ነው የሚነበብ።"

ሀኒያ አመነቻት። ቁርአንም የቀራችው ከቀኝ ነው። ጥቂት ቆይቶ "አሕሰንት" እየበዛ መጣ፤ ኑርሀያትም የቦርሳውን ክብደት ሳትለካ የምትውልባቸው ቀኖች ተገኙ።

የሞዴል ፈተናው ውጤት መጣ፤ ሀኒያ ሒሳብ እንደገና ወድቃ ነበር። ወረቀቱን ሳጥኑ ላይ አስቀምጣ ተኛች። በማግስቱ ቦርሳው ከበደ። ኑርሀያት ቀና ስትል ከጂዳ ያመጣችው ጥቁር የአባያ ቀሚስ ከምስማሩ ላይ የለም። ከደብተሮቹ ሥር ተጣጥፎ አገኘችው።

መልሳ እንደነበረ ከተተችው። ብታወጣው ሀኒያ እንደተነቃባት ታውቃለች፤ ካወቀች ደግሞ በሌላ ቀን ቦርሳም ሳትይዝ ትወጣለች። ከኋላ ከኋላ ተከትላ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኘቻትና፣ ገብታ እስክትሰወር አጥር ሥር ቆማ ጠበቀች።

ምሳ ሰዓት ላይ የሒሳብ መምህሩ ሽታው እንደ ልማዱ ዓሣ ሊበላ መጣ።

"መምህር፣ ልጄ ምን ሆና ነው?"

"እኔም ግራ ገብቶኛል፣ እትዬ ኑርሀያት።" እሾህ ከአፉ አውጥቶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አኖረ። "መደመር ላይ ንብ ናት። መቀነስ ሲደርስ ጅኒ ይሰፍርባታል። ኤክስ ሲቀነስ አምስት እኩል ይሆናል ሰባት ብያት ነበር። ኤክስ አሥራ ሁለት ነው። እሷ ኔጋቲቭ ሁለት ትለኛለች። ሁሉንም እንዲያ አድርጋ ነው የሳተች።"

"ቤት ግን ኮምፒውተሩ ጎበዝ ይላታል።"

"የቱ ኮምፒውተር?"

ከሥራ ሲወጣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ዐረብኛ አያውቅም፤ የሀኒያን እጅ ነበር የሚያየው። አንድ ጥያቄ ሠራች፤ ላፕቶፑ "አሕሰንት" አላት።

"ጣትሽን ለምን ከዚያ ጫፍ ጀመርሽ?"

"ፊደል ስላለው።"

"ማን እንደዚህ አለሽ?"

ሀኒያ አንገቷን ደፋች። ወደ እናቷ አላየችም።

"እኔ ነኝ" አለች ኑርሀያት።

ሽታው ሳቅ አለና ፊቷን ሲያይ ተወው። ወረቀት ላይ የትምህርት ቤቱን ጥያቄ ጽፎ ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ ጀመረ። "ሰባት፣ እኩል ይሆናል፣ አምስት ሲቀነስ ኤክስ... እንዲህ ከሆነማ ኔጋቲቭ ሁለት ልክ ነው። መደመርን ከየትም ብታነቢው አይከፋውም፤ መቀነስ ነው የሚገለበጠው። እትዬ፣ ልጅቷ ሒሳቡን ታውቀዋለች።"

ኑርሀያት ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ዓይኗ ግን ወደ ቦርሳው ሄደ። ቦርሳውን ያከበደችው እሷ ራሷ ናት።

"ፈተናው እስኪደርስ ከቀኝ መጀመሩን ትተወዋለች?"

"ቀኑ ቅርብ ነው። ስትረጋጋ አዎ። ስትደነግጥ እጇ ወዴት እንደሚሄድ እንጃ" አለ ሽታው።

ከዚያ ወዲህ ኑርሀያት እያንዳንዱን ጥያቄ ከስክሪኑ ላይ ገልብጣ በወረቀት ትጽፋለች፤ ሲንን በኤክስ፣ ቀኙን በግራ። በጻፈች ቁጥር ዳግም ያሳሳተቻት ይመስላትና ወረቀቱን ሳትሰጥ ደግማ ታየዋለች። ቦርሳው እንደከበደ ነበር።

በፈተናው ዋዜማ የሀኒያን የግራ ትንሽ ጣት ጥፍር በሂና ቀባችው። "ከዚህ ነው የምትጀምሪ።"

"የሙሽራ አደረግሽው እኮ፣ እማ።"

"ሙሽራ አንድ ጥፍር ብቻ አትቀባም። ዝም ብለሽ ያዢ።"

በማግስቱ መጥበሻዋን ሳታወጣ ቀርታ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት።

"መቀነስ ነበረበት?"

"ነበረበት።"

"ከየት ጀመርሽ?"

ሀኒያ ጥፍሯን አሳየቻት። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ግን፣ "መጨረሻ ላይ ሰዓት አልቋል ሲሉ ደነገጥኩ። እነዚያን ጥያቄዎች ከየት እንደጀመርኩ እንጃ፣ አላስታውስም" አለች።

"ውጤቱስ?"

"ክረምት ላይ ይሆናል።"

ሀኒያ መግሪብ ስትሰግድ ኑርሀያት ቦርሳውን አነሳችው። አልቀለለም። ከፈተችው፤ አባያውን ስባ አወጣችና በሳፋ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ሳሙና ጨመረችበት። ሀኒያ ሶላቷን በሰላምታ ጨርሳ ስትዞር የእናቷ ክንድ እስከ ክርኑ ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ነበር። ክፍት ቦርሳውን አየች፤ ሳፋውን አየች።

"እማ፣ ንጹሕ ነው እኮ።"

"ይታጠብ።"

"ነገ ይደርቃል።"

"ነገም አጥበዋለሁ" አለች ኑርሀያት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ተቀመጪ።"

ሀኒያ መስገጃዋን ሳታጥፍ ቁጭ አለች። ኑርሀያት እጇን ከውሃው ሳታወጣ፣ ባሕር ያሻገራት ጀልባ ስንት ሰው ይዞ እንደተነሳ መናገር ጀመረች።